ድንጋዮቹ የተሰለፉበት ፎቶ

ጥቅምት 27፣ እሑድ፣ ረፋድ 4 ሰዓት

ከቅዳሴ መልስ። ባልዲው ዛሬም ባዶ። ትናንት እስከ አፉ ሞልቼው ነበር። ደባሌ ወ/ት አስካለ ፊልም አጥባበታለች። ቤቱ በሙሉ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል።

ደብተሬ፣ የጀመርኩህ የንስሐ አባቴ ቁጣህን ሰው ላይ ከምታወርድ ጻፈው ስላሉኝ ነው። ይኸው እጽፋለሁ። አልበረደልኝም።

ይቺን ሴት ያመጣችብኝ ሟች ባለቤቴ አበበች ናት። ከጅማ የመጣች ናት፣ አባቷ እዚያ ፎቶ ቤት ነበረው፣ ማረፊያ የላትም ብላ። ያለን ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት። ውስጠኛውን ለቀቅንላት፣ ቀበሌ በደባልነት ተመዘገበች። አበበች ካረፈች ዓመት ከሁለት ወሯ። ደባሏ ቀረችልኝ።

መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ደፍናዋለች። ዛሬ ቀረብ ብዬ ዳሰስኩት። አበበች ለእናቷ ሐዘን የለበሰችው ቀሚስ! ማን ፈቀደልሽ አልኳት። እትዬ ራሳቸው ሰጡኝ አለች። ሙት አይጠየቅ።

ጥቅምት 30፣ ረቡዕ፣ ከሥራ መልስ

ፍ/ቤት፣ መዝገብ ቤት ዋልኩ። የተዘጉ መዝገቦች ከታች ወደ ላይ ስሸከም። ወገቤ።

እሷም እዚያው አጥሩ ሥር ናት፤ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ታነሳለች። እሱስ እንጀራዋ ነው። ሰውየው ፊቱን ይሰጣል፣ ፎቶውን ይቀበላል፣ ይሄዳል። የማይገባኝ ለራሷ የምታነሳው ነው። የፈረሰ ግድግዳ። ሚስማር ላይ የተሰቀለ ካፖርት። ባዶ አግዳሚ ወንበር። እንዲህ ያለውን አንዴ ጅማ አዳራሽ ውስጥ ደርድራ፣ ሰው እየዞረ አይቶላታል። ጥበብ ነው ትላለች።

ሰው የታል አልኳት። “ሰውማ ነበረ፣ ጋሼ። አሁን ተነስቶ ሄዶ ነው።”

ቀለደችብኝ። ሠላሳ አምስት ዓመቷ፣ ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ከባዶ ወንበር ጋር ትውላለች። ይህን መጻፌ ክፋት ነው። አልሰርዘውም።

ኅዳር 1፣ ሐሙስ፣ ልደታ

ጠዋት ቤ/ክ። ጸበል በጠርሙስ ይዤ ተመለስኩ። እሷ ሥራ ላይ ነበረች። በሯን ገፋሁት።

ጨለማ። ቀይ አምፖል። ውኃ የቋጠሩ ሳህኖች። ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ የተንጠለጠሉ ፎቶዎች። አንዱ ላይ ድንጋይ፣ ጣሳ፣ ዘንቢል፣ ድንጋይ፣ በሰልፍ። የኅብረት ሱቁ ሰልፍ። ሰው የለበትም። በስመ አብ ብዬ አራቱንም ማዕዘን ረጨሁ። ጠረጴዛው ሥር በጥቁር ወረቀት የተጠቀለለ ነገር። መተት መሰለኝ። መስኮቱን ገልጬ ፈታሁት። ውስጡ ነጭ ወረቀት ብቻ፣ ምንም ያልተጻፈበት። የባሰ ፈራሁ። አንድ በአንድ ገልጬ ረጨሁበት።

ማታ መጣች። ጩኸቷ ጎረቤት ሰማ። “ጋሼ፣ ወረቀቴን ገደሉት!” ለካ የፎቶ ወረቀት ብርሃን ካየ አለቀለት። ከውጭ በሰው በሰው ለምና ያስመጣችው ነው፣ ለጉርድ ከሚሆን ቁርጥራጭ በቀር ሌላ የላትም። ከዚያ የተንጠለጠሉትን አየቻቸው፣ ጠብታው ያረፈባቸውን። ሳቀች፣ እንባዋ እየወረደ። “አጥምቀዋቸዋል እኮ! ስመ ክርስትናቸውን ማን ልበላቸው?”

በጸበል ቀለደች። በእኔ ቤት። በልደታ ዕለት።

ወረቀቱን ማበላሸቴ ጥፋት ነው። አላልኳትም።

ኅዳር 3፣ ቅዳሜ፣ 7 ሰዓት

ስኳር ይመጣል ተብሎ ሌሊቱን ዕቃ ተሰልፎ አደረ። እንደ ሁልጊዜው። ሰዉ ድንጋዩን አስቀምጦ ቤቱ ይገባል፤ ሱቁ ሲከፈት ሁሉም ከዕቃው ኋላ ይቆማል። የሌላውን ድንጋይ ማንም አይነካም። ወንድማማች የተጣላበት ሰፈር ድንጋይ ያከብራል።

አንዲት ጎረቤት ሐሙስ ዕለት ምን ነበር ጩኸቱ አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። ድንጋያችሁን ፎቶ አንስታ ገመድ ላይ ሰቅላችኋለች፣ ለእሷ ሁላችንም ድንጋይ ነን አልኩ። ሳቁ። ደገምኩት። ጨመርኩበት። ዘመዶቿ ውጭ አገር ናቸው መሰለኝ፣ ወረቀቱን የሚልኩላት አልኩ። ደስ ብሎኛል፣ ለምን እዋሻለሁ። ዓመት ሙሉ እንዲያ አልተሰማሁም።

ያልሳቀው አንድ ሰው ነው። የቀበሌው ጥበቃ።

ስኳር አልመጣም።

ኅዳር 6፣ ማክሰኞ፣ ማታ 1 ሰዓት

ቀበሌ ተጠራሁ። ሊቀመንበሩ ጓድ በላቸው። ልጅ ሳለ አበበች ቁስሉን አጥባለታለች። ቁጭ በልም አላለኝ።

የተናገርኩትን ሁሉ አንድም ሳይቀር ጽፎታል፣ አሳምሮ። ይቺ ሴት የሰፊውን ሕዝብ ሰልፍ በድንጋይ መስላ ለውጭ ጠላት ልታቀብል ነው። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። የቤቱ ተከራይ እኔ ነኝ፤ እኔ ከመሰከርኩ ያበቃል። ሰኞ 4 ሰዓት ፈርሜ፣ ፎቶውንና ፊልሙን ይዤ እንድመጣ። ካልፈረምኩስ አልኩ። “እንግዲያ አብረህ አንስተሃላ፣ ጋሽ ደምሴ። ፍርድ ቤት የሚሠራ ሰው ይህ ይጠፋዋል?”

ባለፈው ዓመት እንዲሁ ተፈርሞበት የሄደ የጌጃ ሰፈር ሰዓት ሠሪ አለ። እናቱ አሁንም ስንቅ ይዛ ትዞራለች፣ የሚቀበላት በር የለም።

ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው። የእኔው ቃል ነው። አንዱንም አልካድኩም፣ አልችልም።

ኅዳር 7፣ ረቡዕ

ሐሳብ መጣልኝ። ሰኞ ኅዳር ሚካኤል ነው። ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ያቃጥላል። ፊልሟንና ፎቶዋን የምታኖርበትን ሳጥን ጭሱ መሃል ብጥለው ማን ያያል? ማስረጃም የለ፣ ፊርማም የለ። እሷ ታለቅስ። ከእስር ይሻላታል። ደግ ያደረግሁ መሰለኝ።

ከሥራ ሳትመለስ ገባሁ። ሳጥኑን አወጣሁ። የሰልፉ ፎቶ ከላይ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ብርሃን አውጥቼ አየሁት።

ሰልፉ ላይ ሦስተኛው፣ ዘንቢል። እጀታው የተጠገነ። በመዝገብ ማሰሪያ ክር። ቋጠሮው ድርብ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የተቀበረ። በዚህ አገር እንዲያ የምቋጥር እኔ ብቻ ነኝ፣ ሃያ ዓመት የቋጠርኩት። የአበበች ዘንቢል።

በአርባዋ ዕቃዋን ሁሉ ለነዳያን ሰጥቻለሁ። ዘንቢሉንም። ከመታወቂያዋ ጉርድ በቀር ፎቶ የላትም፤ እሱም ላይ እንደ ተከሳሽ ፈርታ ነው የቆመችው።

መሬት ላይ ቁጭ እንዳልኩ አስካለ ደረሰች። አልጮኸችም። አጠገቤ ተቀመጠችና ነገረችኝ። አበበች አልጋ ከያዘች በኋላ ዘንቢሉን እየወሰደች ሰልፍ የምታስቀምጥላት እሷ ነበረች። እኔ ጎረቤት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ላንሳዎት ብትላት፣ እንዲህ ሆኜ አልነሳም፣ ዘንቢሌን አንሺልኝ፣ እኔ እዚያ ነኝ ያለሁት አለቻት።

እጀታው አጠገብ ሁለት ነጭ ነጥብ። የእኔ ጸበል።

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ጥበቃው ሁለት ቀን ተከተለኝ፣ ሰው ነገር ሠርቶብኛል አለች። ማን ይመስልዎታል አለች።

እንጃ አልኩ።

ኅዳር 8፣ ሐሙስ

የንስሐ አባቴን ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ስግደት ጠበቅሁ፣ መቶ፣ ሁለት መቶ። አልሰጡኝም። ስግደት ይቀልሃል፣ መጀመሪያ ለእሷ ንገራት አሉ። ተናድጄ ወጣሁ። ለቄስ መናገርና ለዚያች ሴት መናገር አንድ ነው? ትስቅብኛለች። ወይም አትስቅም፤ እሱ ይብሳል።

ደግሞ አሁንም አልወዳትም። ባልዲዬ ዛሬም ባዶ ነው።

ኅዳር 9፣ ዓርብ፣ ምሳ ሰዓት፣ መዝገብ ቤት

ላይኛው መደርደሪያ፣ የኋላው ረድፍ። በንጉሡ ጊዜ የተዘጋ የአጥር ክርክር። ከሳሽም ተከሳሽም ሞተዋል፣ አጥሩም ፈርሷል። ወፍራም ነው። ከተዘጋ ጀምሮ ከእኔ ሌላ የነካው የለም። መሃሉን ከፍቼ ለካሁት። የአንድ ሳጥን ፊልም ይይዛል፣ ፎቶውም ተደርቦ። በእኔ ቋጠሮ ከታሰረ የሚፈታው የለም።

ባይሆን ይሻላል ብዬ መለስኩት። ቢገኝ እኔም እንደ ሰዓት ሠሪው ነኝ።

ኅዳር 11፣ እሑድ፣ 9 ሰዓት

ከቅዳሴ ጀምሮ አልበላሁም። ቆርጫለሁ፣ ልጻፈውና እንዳላፈገፍግ።

አልፈርምም። ነገ 4 ሰዓት ባዶ እጄን እሄዳለሁ። ጓድ በላቸው ፎቶው የታል ሲለኝ እውነቱን እነግረዋለሁ። መተት መስሎኝ ገባሁ፣ ጸበል ረጨሁ፣ ወረቀቱን ብርሃን አሳይቼ ፈጀሁት። ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቷል፣ ምስክር አለኝ። ውጭ ዘመድ አላት ያልኩትም የቁጣ ወሬ ነው፣ አንድም አላውቅም እለዋለሁ። ይስቁብኛል። በአብዮት ዘመን የፍ/ቤት ሠራተኛ፣ በጸበል ፎቶ የሚያጠምቅ! ይሳቁ። የሰፈር መሳለቂያ መሆን እችላለሁ። ሥራዬንም ቢሆን።

ፊልሙስ ካለኝ ግን። ይህን እስካሁን አልመለስኩም። መዋሸት አልፈልግም። እ/ር አፌን ይያዝልኝ፣ በዚያ የስኳር ሰልፍ ቅዳሜ ያልያዘውን።

ዛሬ ግን ከዚያ የሚከብድ አለ። ሳጥኑ የእሷ ነው፤ ሰርቄ አልደብቀውም። ስጪኝ፣ መዝገብ ቤት ልደብቅልሽ ብዬ ልለምናት ነው። ከመለመኔ በፊት ደግሞ ነገር የሠራብሽ እኔ ነኝ ልላት ነው። ሳጥኑን እንቢ ካለችኝ መብቷ ነው። ከቤት ከወጣችም መብቷ ነው።

ውስጥ ናት። ውኃ ሲንቦጫረቅ ይሰማኛል። ባልዲውን ዛሬ እኔ ነኝ ያስገባሁላት፣ ደጃፉ ላይ አስቀምጬ። ከበሩ ሥር ቀዩ መብራት ይታያል።

በዚህ ቤት በር አንኳኩቼ አላውቅም፣ ቤቱ የእኔ ነው እያልኩ። አሁን አንኳኳለሁ። ብርሃን እንዳይገባባት፣ ይግቡ እስክትለኝ እቆማለሁ። እስክሪብቶውን ላስቀምጥ።