ስለ ማኒፎልዱ ይቅርታ እንዳይጠይቁልኝ

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ወልደጻድቅ፣

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፣ የሐዋሳ ዝናብ አልከበደውም? ግራ ጆሮዎ ውስጥ ያለው ፉጨት ረገበልዎት ወይስ ባቡሩ አሁንም እዚያው ይጮኻል? እማዬ ደህና ናት? ዓይኗን ታየች? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። የድሬ ሙቀት እንደሚያውቁት ነው፤ ከቀትር በኋላ ቁልፍ በባዶ እጅ አይያዝም።

በስልክ ልነግርዎት ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። እርስዎ የሚሰሙት ግማሹን ነው፤ የቀረውን ዝናሽ እያለሰለሰች ትነግርዎታለች። እህቴ ክፋት የላትም፤ ግን በእሷ አፍ ሲያልፍ ነገሬ ሁሉ ልመና ይሆናል። ስለዚህ ጻፍኩ። መነጽርዎን አድርገው ራስዎ ያንብቡት።

ባለፈው እሑድ የሰፈሩ ሽማግሌ አቶ ዐያንሌ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ቤቴ መጥተው ነበር። የመጡት ኃይለመለኮትን ይቅርታ እንድጠይቅ ነው። እምቢ ስላቸው፣ “አባትሽ ተስማምተዋል፤ አንቺ ባትጠይቂ እሳቸው በስምሽ ይጽፉለታል” አሉኝ። ኃይለመለኮት በምድር ባቡር ወርክሾፕ እርስዎ እጁን ይዘው ያስተማሩት ሰው መሆኑን አልረሳሁም። ሦስት ዓመት በጋራዡ ያሠራኝም ስለ እርስዎ ብሎ ነው። ጋሽ ማለቱን ግን እጄ እምቢ ብሎኛልና ይታገሱኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። ሂሻም የሚባል የቀፊራ ገበያ ነጋዴ ልጅ ለውድድር የሚነዳት ቱርቦ ያላት መኪና አለችው። ሞተሯ ወርዶ እንደ አዲስ እንዲሠራ ለእኔ ተሰጠኝ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻ ማኒፎልዱን ገጠምኩ። ለእማዬ ካነበቡላት፣ ከቱርቦው ተጨምቆ የሚመጣውን አየር ለአራቱ ሲሊንደሮች የሚያካፍል የአሉሚኒየም ቧንቧ ነው ይበሏት። ፊቱ አለመጣመሙን በብረት ማስመሪያ አየሁ፤ ከሥሩ ቀጭን ወረቀት እንኳ አያሳልፍም ነበር። የማሸጊያውን፣ የጓርኒሲዮኑን፣ ቀዳዳዎች የሲሊንደሮቹ ክዳን ከሆነው ከቴስታታው ቀዳዳዎች ጋር አንድ በአንድ አስተያየሁ፤ አየሩን የሚገታ ጠርዝ ባገኘሁበት ሞርጄ አስተካከልኩ። ቆሻሻ እንዳይገባ ቀዳዳዎቹን የደፈንኩባቸውን አራት ጨርቆች ቆጥሬ አወጣሁ። ከዚያ አሥሩን ቡሎኖች ከመሃል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ ልኩን በሚያሳየው ቁልፍ አጠበቅኩ። እርስዎ እንዳስተማሩኝም ከየቡሎኑ ራስ ተነሥቶ ማኒፎልዱ ላይ የሚያልቅ አንድ የቀለም መስመር አደረግኩ፤ ቡሎኑ ከተነካ መስመሩ ይቆረጣል። የእርስዎ ነጭ ነበር፤ የእኔ ቀይ የጥፍር ቀለም ነው። “ኢንጂነሯ ሞተሩን ልትድረው ነው” እያሉ የጋራዡ ልጆች ይስቁብኝ ነበር።

ቀትር ላይ ወደ ቤት ሄድኩ። በዚያ ሰዓት ድሬ ትተኛለች፤ ያልተኛም በርጫ ላይ ነው። በኋላ እንደሰማሁት ኃይለመለኮት ከጓደኞቹ ጋር ጥላው ሥር ጫት ይቅም ነበር። አንዱ፣ “የሴት እጅ ያጠበቀው ቱርቦ ደንገጎን ይወጣል እንዴ?” አለው። ምርቃናው ደርሶ ነበርና ብድግ አለ። ቁልፉ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቶ ቡሎኖቹን እንደገና ጨመቃቸው። አንዱ ቴስታታው ውስጥ ተሰበረ። ማኒፎልዱን አወረደ፣ የተሰበረውን አስወጣ፣ ሌላ ቡሎን ፈልጎ መልሶ ገጠመ። ቀዳዳዎቹን ግን በጨርቅ አልደፈነም። አንዲት ሮንዴላ፣ ከቡሎን ራስ ሥር የምትገባ ትንሽ የብረት ቀለበት፣ ወደ ውስጥ ገባች። እኔ ከሰዓት ስመለስ ሂሻም መኪናዋን ወስዷል፤ ማንም ምንም አልነገረኝም።

የደንገጎን ዳገት ሳይጋመስ ሞተሯ ተንኳኳች፣ ከዚያ ቆመች። ሦስተኛው ፒስተን ተቦዳድሷል፣ ቫልቩ ተጣሟል፣ የቱርቦው ክንፍ ተበልቷል። ኃይለመለኮት ለሰው ሁሉ “ልጅቷ ሮንዴላ ጥላበት ነው” አለ። አባረረኝ፤ የሥራ ልምድ ወረቀትም ከለከለኝ። ሥራ ፍለጋ በየጋራዡ ስዞር ከሳቢያን እስከ ለገሀሬ ያለው ሁሉ “ሮንዴላ መጣች” ይለኛል።

ሽማግሌዎቹን አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው፤ መጥተው በዓይናቸው እንዲያዩ። ቴስታታው የወረደው ከነማኒፎልዱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልፈታውም። ማክሰኞ ጋራዡ ድረስ መጡ። በዘጠኙ ቡሎኖች ላይ መስመሩ ተቆርጧል፤ የቡሎኑ ወዲያ፣ የማኒፎልዱ ወዲህ። በተሰበረው ፈንታ የገባውን አሥረኛውን ቀለም የሚባል አልነካውም። ያኔ የብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ የሚሠራው ሙመድ ከኋላ፣ “ወላሂ የተሰበረውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ቤቷ ነበረች” አለ። ኃይለመለኮት ላቡን ጠርጎ ስለ ሙቀቱ ማውራት ጀመረ።

አበቃ ብዬ ነበር። አቶ ዐያንሌ ግን ወደ ጥግ ወሰዱኝና፣ “አቦ ልጄ፣ አይተናል። ግን እሱ በዚህ ዕድሜው በሠራተኛው ፊት እንዴት ብሎ አጠፋሁ ይበል? አንቺ ልጅ ነሽ፣ ትከሻሽ ይችላል። አንድ ቃል ነው፤ ሌላውን ሆድ ይፍጀው” አሉኝ። ሳያዩ ቢፈርዱብኝ ኖሮ እናደድ ነበር። ያደነዘዘኝ ማየታቸው ነው።

አላለቀስኩም። አከራዬ ዳሃቦ ሻይ ይዛ መጥታ አጠገቤ ትቀመጥና፣ “ሳቂ ወይ አልቅሺ፣ አንዱን ምረጪ” ትለኛለች። አንዱም አይመጣልኝም። እጄን ስታጠብ የሌላ ሰው እጅ የማጥብ ይመስለኛል። ከትናንት ወዲያ ሂሻም መጥቶ ሞተሯን በአባቱ መጋዘን እንደገና እንድሠራለት ጠየቀኝ። እሺ አልኩት። ደስ አለኝ ብዬ አልዋሽዎትም።

አባባ፣ ያዘዙኝን እምቢ ብዬ አላውቅም። ይህን ግን አላደርግም። ሽማግሌዎቹ ሰኞ ለመልስ ይመጣሉ፤ መልሴ ያው ነው። “አባት አጠገብሽ ቢኖር ይገራሽ ነበር” አለኝ አንዱ። አባት አለኝ አልኩት። ከእርስዎ የምፈልገው ዝም እንዲሉ ብቻ ነው። የኃይለመለኮት ቃል የኃይለመለኮት ነው፤ ግማሹ ያምነዋል፣ ግማሹ ይስቅበታል። የእርስዎ ፊርማ ያለበትን ወረቀት ግን ድሬ ሁሉ ያምነዋል፤ ወልደጻድቅ ያልሆነውን ሆነ አይልምና። ከጻፉ፣ ሮንዴላዋን የጣልኩት ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ እሆናለሁ።

እማዬን ሁለቱንም ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ ዓይኗን ሳትታይ እንዳትሰነብት። እህቴን ዝናሽን ናፍቄሻለሁ ይበሉልኝ። ባሏን ኒቆዲሞስን ስለ ሁላችሁም አመሰግናለሁ ይበሉት፤ አማች ብቻ ሳይሆን ወንድም ሆኖናል። ልጃቸው ዮርዲ ጥርሷ ወልቆ ከሆነ የወለቀበትን ጎን ይሳሙልኝ። ዳሃቦም ሰላም ብላችኋለች።

ልጅዎ እፀገነት ወልደጻድቅ
ድሬዳዋ፣ ለገሀሬ
ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.