በፒዛ ቤት የቆሙ ሽማግሌዎች

ሎንዶን፣ ስቶክዌል
ኅዳር 15 ቀን 1978 ዓ.ም.

ውድ እትዬ አልታየሽ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ብርዱ አጥንት ድረስ ዘልቆ ከመግባቱ በቀር ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ደግሞ እንደ ሌላው ጊዜ ለወጉ ያህል አይደለም፤ ዛሬ የእውነት ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ያልላክሁት ስለ ታናሻችን ስለ ብዙነህ የማነሳው ነገር ስላለ ነው። ደብዳቤ እየተከፈተ ይነበባል በሚባልበት ጊዜ የዘመተ ልጅ ስም ጽፎ መላክ አስፈራኝ። እዚህ ያለችው ወርቅዬ ለዘመድ ጥየቃ በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ አበባ ስለምትገባ በእጇ ትሰጥሻለች። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። መሳቅሽ አይቀርምና ጎረቤቶችሽ አበደች እንዳይሉሽ።

ባለፈው ጊዜ፣ «ልጅቷን ከወደድካት እሰየው። ነገር ግን ሽማግሌ ሳይላክ፣ ወጉ ሳይደርስ አገባሁ ብትለኝ እህት አለችኝ እንዳትል» ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። አንቺ ምን አለብሽ! እዚህ አገር ጠጉሩ የሸበተው ሁሉ ፈረቃ ይገባል እንጂ ሽምግልና አይቀመጥም። ቢሆንም ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽና ዞሬ ዞሬ ሦስት ሰዎች አገኘሁ። አቶ ዘውዴን ታውቂያቸዋለሽ፤ ማዘጋጃ ቤት ይሠሩ የነበሩት ናቸው። አሁን ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ባቡር ጣቢያ ትኬት ይቆጣጠራሉ፤ አንደበታቸው ግን አሁንም የማዘጋጃ ቤት ነው። ሁለተኛው አቶ ኪዳኔ ናቸው፤ ዝምተኛ፣ ከቤተ ክርስቲያን የማይጠፉ ሰው። ሦስተኛው አቶ ተኽለሃይማኖት የአስመራ ሰው ናቸው። የወደድኳት ዘቢብም የአስመራ ልጅ ስለሆነች፣ በመሀል አንድ የአገሯ ሰው ቢኖር ነገሩ ይለዝባል ብለን ነው።

መለዘብ ነበረበት፣ እትዬ። ዘቢብን አባቷ ከሞቱ ወዲህ ያሳደጓት አጎቷ አቶ ገብረሚካኤል ናቸው። የእሳቸው አንድ ልጅ ከአስመራ ወጥቶ ከሻዕቢያ ጋር በረሃ ገብቷል። የእኛ ብዙነህ ደግሞ የመንግሥት ወታደር ነው። «አጎቴ እንቢ ካለ ከእሱ ቃል አልወጣም። እናቴም አባቴም እሱ ነው» አለችኝ ዘቢብ። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ እንዲያው ቁጭ አድርጋ ነገረችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አለኝ።

አቶ ዘውዴ መላ አላጡም። «ስለ ወንድምህ አናነሳም። ከጠየቁን አገር ቤት ነው እንላለን። ታዲያ አገር ቤት አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ነገሩ ባይጥመኝም እሺ አልኩ።

ቀጠሮው ለዓርብ ማታ ሆነ። አቶ ገብረሚካኤል ኪልበርን ውስጥ የሚኖሩት አንዲት ክፍል ተከራይተው ነው፤ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው አልጋ ላይ ነው የሚቀመጠው። «ሽማግሌ አልጋ ላይ አላስቀምጥም። ካርሜላ ቤት ጠረጴዛ ቡክ አድርጌያለሁ፤ እዚያ ይምጡ» ብለው ላኩ። ካርሜላ የናፖሊ ሴት ናት፤ እዚያው ኪልበርን ፒዛ ቤት አላት። እሳቸው አስመራ ጣልያን ዳቦ ቤት ሲሠሩ ስለኖሩ፣ ጣልያንኛ የሚያወሩት ሰው ፍለጋ እዚያ ይሄዳሉ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ የሚበላው ሰው ግን የትየለሌ ነው። በተለይ ዓርብ ማታ ሰልፉ ከበር አልፎ እስከ መንገዱ ማዕዘን ይደርሳል።

መቼም ሽማግሌ ሲላክ ልጁ ድርሽ አይልም። አቶ ዘውዴም፣ «ቤትህ ቁጭ ብለህ ጠብቅ፤ እንዳላይህ» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን አላስችል አለኝ። ካፖርቴን እስከ ጆሮዬ ስቤ፣ በመስታወቱ አሾልቄ አይቼ እመለሳለሁ ብዬ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ። ውጭ ለብቻ መገተር ስለሚያስታውቅ ከሰልፉ ገባሁ።

እትዬ፣ ያየሁትን ብታዪ! አቶ ገብረሚካኤል በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ጥቁር ሱፋቸውን ግጥም አድርገው፣ እጃቸውን አጣምረው ፊት ለፊታቸው ቆመዋል። የመጡበት ጉዳይ ሳይፈጸም አይቀመጡማ! ካርሜላ ወንበር ትስባለች፤ እነሱ እጅ ይነሳሉ። ወንበሩ ቆሽሾ መሰላትና በሽርጧ ጠረገችው፤ እነሱ እንደገና እጅ ነሱ። የጠረጴዛውን ልብስ ለወጠች። እነሱ እንደቆሙ ናቸው። አንድ ወፍራም እንግሊዛዊ አስተናጋጅ መስለውት ኖሮ አቶ ኪዳኔን በጣቱ ጠርቶ ቢራ አዘዛቸው። እሳቸውም ሰላምታ መስሏቸው ጎንበስ ብለው አመሰገኑት። ሳቄን ለማፈን መሀረቤን ነከስኩ።

ሰልፉ ግን ማጉረምረም ጀመረ። ሰው ዝናብ እየወረደበት ባዶ ወንበር ሲያይ እንዴት አይናደድ? ካርሜላ ትዕግሥቷ አለቀ መሰለኝ በሩን በርግዳ ወጣችና፣ «ብቻውን የመጣ ማነው? ብቻውን የመጣ!» ብላ ጮኸች። ከፊቴ ያሉት ሁሉ ጥንድ ጥንድ ናቸው። እኔ ላይ ዓይኗ አረፈ። አይ፣ እኔ እንኳን ብዬ ሳልጨርስ ክንዴን ይዛ እየጎተተች አስገባችኝና፣ ከዚያ ሁሉ ቦታ መርጣ ከእነዚያ ባዶ ወንበሮች በአንዱ ላይ፣ ከአቶ ገብረሚካኤል ፊት ለፊት አስቀመጠችኝ።

የፈሩት ይደርሳል ማለት ይህ ነው። አቶ ዘውዴ ንግግራቸው መሀል ነበሩ፤ «ልጅዎን ለልጃችን» ካሉ በኋላ ንግግራቸውን አቋርጠው አፈጠጡብኝ። አቶ ተኽለሃይማኖት፣ «ዋይ ማርያም!» አሉ። አቶ ገብረሚካኤል ከዚያ በፊት አይተውኝ አያውቁም። መነጽራቸውን አወለቁና እኔን አዩ፣ ሽማግሌዎቹን አዩ።

«ልጃችሁ ይህ ነው?»

አቶ ዘውዴ ላብ ላብ አላቸው። «እሱ ነው። ግን… እዚህ የለም» አሉ።

«እንግዲያው የሌለውን ሰው አንድ ነገር ልጠይቀው» አሉ አቶ ገብረሚካኤል። አማርኛቸው ከእኔ የጠራ ነው። «እህት ወንድም አለህ?»

«አዎ። ያሳደገችኝ ታላቅ እህት አለችኝ። አንድ ታናሽ ወንድምም አለኝ።»

«ወንድምህ ምን ይሠራል?»

«አገር ቤት ነው!» አሉ አቶ ዘውዴ ፈጠን ብለው።

«ይቅርታዎን፣ አቶ ዘውዴ፤ እርስዎን አልጠየቅሁም።»

እትዬ፣ ዘቢብን ላጣት እንደምችል አውቃለሁ። ግን ብዙነህን ደብቄ የማገባት ሚስት ምን ትሆነኛለች? አንቺስ ብትሰሚ ምን ትይኛለሽ? «ወታደር ነው» አልኳቸው። «ወዶ አልዘመተም፤ ከቤት ነው የወሰዱት። ናቅፋ በኩል ነው ተብሎ ነበር። ደብዳቤው ከተቋረጠ ከርሟል።»

ከጀርባዬ ሳህን ይንኳኳል፣ ሰው ይስቃል። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ።

«የእኔም ልጅ እዚያው ነው» አሉ አቶ ገብረሚካኤል። «በወዲያኛው በኩል። የእሱም ደብዳቤ የለም።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ዘቢብ ስለ ወንድምህ ድሮ ነግራኛለች። ቁጭ ብዬ የጠበቅሁት እናንተ ትነግሩኝ እንደሆነ ነው። በወንድሙ የሚያፍር ሰው ነገ በእኛም ያፍራል። አንተ አላፈርክም።» ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «በሉ ተቀመጡ፣ እግራችሁ ደከመ። ሰጥቻለሁ።»

አቶ ዘውዴ ቅር አላቸው ብልሽ ታምኛለሽ? «ዛሬውኑ? ኧረ ለወጉ እንኳ እናስብበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ይበሉን!» አሉ። ለሦስት ምልልስ የሚበቃ ንግግር አዘጋጅተው ነበርና ከአፋቸው ቀሟቸው። «ሌላ ቀን እዚህ ብትቆሙ ካርሜላ ትገድለኛለች» አሏቸው አቶ ገብረሚካኤል።

ዓርብ ስለሆነ ምን ይበላል የሚለው ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ። አቶ ገብረሚካኤል ማሪናራ የሚባለውን አዘዙ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት ብቻ ነው፣ አይብ የለበትም። አቶ ኪዳኔ አላመኑም። ኩሽናው ድረስ ሄደው እሳት ሲገባ አይተው ተመለሱና፣ «የጾም ነው» ብለው መሰከሩ። ለየራሳችን አንድ አንድ መጣልን። አቶ ገብረሚካኤል ግን የእኛን ሁሉ ገፋ አድርገው የእሳቸውን መሀል ላይ አኖሩት። «መጀመሪያ ከአንድ ገበታ ካልበላን ምኑን ዘመድ ሆንን!» አሉ። ዳር ዳሩ ጠቆር ጠቆር ያለ፣ መሀሉ ልስልስ ያለ ነው። ቆረሱና አጥፈው አጎረሱኝ። ከምድጃ የወጣው ገና አሁን ነው፤ ላንቃዬ ተላጠ። ዓይኔ እንባ ሲሞላ አቶ ተኽለሃይማኖት በደስታ ያለቀስኩ መስሏቸው አብረውኝ አለቀሱ። እኔም አላረምኳቸውም፤ ግማሹ እውነት ነው።

ካርሜላ ምን እንደሆነ በጣልያንኛ ሲነገራት እጇን ራሷ ላይ ጭና ጮኸች፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ። ያ ወፍራም እንግሊዛዊ እንኳ አቶ ኪዳኔን መጥቶ ይቅርታ ጠየቀና ቢራ ጋበዛቸው። ዘቢብ ሁሉን የሰማችው ከአጎቷ ነው። ስትስቅ ስትስቅ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች፤ ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ይሆናል። በሕይወቴ እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ እትዬ፤ አንቺ አለመኖርሽ ብቻ ነው የጎደለው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ያን ዕለት ስንለያይ አቶ ገብረሚካኤል በር ላይ አቁመው፣ «የወንድምህ የክርስትና ስም ማነው?» አሉኝ። የልጃቸውን ስም እሑድ እሑድ ለቄሱ እየሰጡ በጸሎት ያስጠራሉ፤ የብዙነህንም አብረው ሊያስጠሩ ነው። አላውቀውም፣ እትዬ። እሱ ክርስትና ሲነሳ እማማ ታማ አንቺ ነሽ ያዘልሽው፤ ስሙን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ስለዚህ ወርቅዬ ስትመለስ በእጇ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ምንም ነገር ብትረሺ ይህን አትርሺ።

ዛሬ ጧት ቤተ ክርስቲያን አብረን ቆመን ነበር። አቶ ገብረሚካኤል እንደ ልማዳቸው ለቄሱ፣ «ወልደ ሚካኤል» አሉ። ቀጥለውም ወደ እኔ አዩ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ቄሱ፣ «ሌላ አለ?» ሲሏቸው፣ «አለ። ስሙ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ፣ ወንድሙ ብለው ይጥሩልኝ» አሏቸው።

ናፍቆቴ የማያልቅብሽ ወንድምሽ
መርዕድ