ከስሌትሽ የሚወጡ ሦስት ወራት

ይድረስ ለማከብርሽ ልጄ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትሽን እጠይቃለሁ። እኛ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና፣ ደህና ነን።

በመሥሪያ ቤታችሁ ያለፉትን ጎርፎች በሒሳብ መርምራችሁ የሚመጣውን ታላቅ ጎርፍ እንደምትተነብዩ፣ በየማለዳው ከወንዙ መለኪያ ዘንግ አንብቤ የምልክልሽ ቁጥርም ለስሌቱ መሠረት እንደሆነ ጽፈሽልኛል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያላየሁትን ቁጥር ጽፌ አላውቅም ነበር።

እናትሽ ሰሞኑን ወደ ወንዙ ስወርድ «እኔም ልከተልህ» ማለት አብዝታለች። «ምነው፣ ወንዙ መንገዱን ስቶ ያውቃል?» ብላት፣ «እሱስ አይስትም» አለችኝ። ትናንት ከዘንጉ ፊት ቆመን «ስንት ይላል?» ስትለኝ፣ «ሁለት ሜትር ከአርባ» አልኋት። «የልጄ አባት፣ ሦስት ከአርባ ነው» ብላ ክንዴን ይዛ ወደ ኋላ ሳበችኝ። ውሃው ጫማዬ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ስለዚህ ያለፉትን ሦስት ወራት ቁጥሮች ከስሌትሽ አውጪ። ለአለቆችሽም ስሕተቱ የአባቴ ነው ብለሽ ሳታፍሪ ንገሪ፤ በእኔ ቃል ተማምኖ ወንዝ ዳር የሚተኛ ሰው አይኑር። ምክንያቱን አትጠይቂኝ። ከነገ ጀምሮ እናትሽ ታነባለች፤ እኔ ከጎኗ እቆማለሁ። ቁጥሩም በስሟ ይመዝገብ።

የላክሽው ፎቶግራፍ ደርሶናል። እናትሽ እንደነገረችኝ አምሮብሻል።

በጤና ያቆይሽ፤ አባትሽ።