የኔ ፍርሃትና ያንቺ

ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ
ከልብስ ስፌት ሱቃችን

ለጮሌዋ ልጄ፣

በመጀመሪያ ደህና ነሽ ወይ ብዬ እጠይቅሻለሁ፤ መልሱን ሳልጠብቅ ደግሞ እጨነቃለሁ። ቅደም ተከተሉን ታውቂዋለሽ። እኔ ደህና ነኝ። አክስትሽ ጉልበቷ ተሽሏት ነገር መፈለግ ጀምራለች። ጎረቤታችን ጫማ ሰሪው አሁንም መቀሴን እየወሰደ ቆዳ ይቆርጥበታል፤ አሁንም አልነካሁትም ብሎ ይምላል።

ትናንት ደውዬ ሐይቁ ውስጥ ብቻሽን አትዋኚ ስልሽ ሳቅሽብኝ። አልፈርድብሽም። ትንፋሼ ሲቆራረጥ ሰማሽና ያው የአባቴ ፍርሃት ነው አልሽ። ቀስ ብለህ ተንፍስ ስትይኝ፣ እኔም እሺ ብዬ ስተነፍስ፣ ስልኩ ተዘጋ። ሁልጊዜ የሚፈራ ሰው አንድ ቀን በምክንያት ቢፈራ ማን ያምነዋል? ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ። ጫማ ሰሪው በስልኩ ፎቶ አንስቶ ዛሬውኑ ይልክልሻል። ወረቀት ላይ ትንፋሼ አይሰማም፤ እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ነው። የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ እያጠበብኩ ሳለ ያ የማውቀው ነገር መጣብኝ። ልቤ ደረቴን ሊያፈርስ ደረሰ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ አየር አጠረኝ፣ በቃ አለቀልኝ አልኩ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳለቀልኝ አንቺም ታውቂያለሽ። ያን ቀን ግን ጫማ ሰሪው አልሰማ ብሎኝ ደግፎ ክሊኒክ ወሰደኝ።

ሐኪሟ አንቺን የምታህል ልጅ ናት። ልቤን በማሽን አየችና ከእኔ ልብ የእርስዎ ይሻላል አለችኝ። ከዚያ ሲይዘኝ ሰው የሚናገረውን እሰማ እንደሆነ፣ ካለፈ በኋላስ የሆነውን አስታውስ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሁሉንም አልኳት፤ ነፍሴ ልትወጣ ነው ብዬ እንኳ ጫማ ሰሪው መቀሴን ኪሱ ሲከት አይቻለሁ። እሱ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። እሷ ስቃ ስታበቃ ይህ ድንገተኛ የጭንቀት ሕመም መሆኑን ነገረችኝ፤ እየበረታ ሄዶ ጫፍ ሲደርስ የሚበርድ፣ የሚያስጨንቅ እንጂ የማይገድል፣ ሕክምናም ያለው። ከደስታዬ የተነሳ አፌን መዝጋት አቃተኝና ልጄም ይህን ከእኔ ወርሳለች አልኳት።

እሷንስ እንዴት ያደርጋታል አለች። የነገርሽኝን ነገርኳት፤ ከሆድሽ አንድ ነገር ሽቅብ እንደሚመጣ፣ ፍርሃት ፍርሃት እንደሚልሽ፣ ከዚያ ዝም እንደምትዪ። ያየሁትንም ጨመርኩ፤ ዓይንሽ አንድ ቦታ እንደሚተከል፣ አፍሽ ባዶውን እንደሚያላምጥ፣ ጣቶችሽ ጨርቁን ቆንጠር ቆንጠር እንደሚያደርጉ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"በዚያ ሰዓት ሲጠሯት ትሰማለች?" አለችኝ።

እንጃ አልኳት። ጠርቼሽ አላውቅማ። የእናትሽን ሕግ ታውቂያለሽ፤ በእኛ ቤት መርፌ የያዘ ሰው ራሱ ቀና እስኪል ድረስ አይጠራም፣ አይነካም። አንቺ ዓይንሽ ሲተከል፣ ልጅቷ ሥራዋን ከልቧ ይዛለች እንላለን። ቀና ብለሽ አሁን የመለስንልሽን ጥያቄ እንደገና ስትጠይቂ ደግሞ፣ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው ብለን እንስቃለን። ዝም ማለት ክብር በሆነበት ቤት፣ አንቺ ለአፍታ እዚያ እንዳልነበርሽ ማን ልብ ይበል?

ሱቅ ተመልሼ ባለፈው ስትመጪ የሰፋሽውን የትራስ ልብስ አወጣሁት። ስፌቱ እንደ እናትሽ ስፌት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ይሄድና መሐል ላይ ድንገት ወዲያና ወዲህ ይረግጣል፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጥ ይላል። ትዝ ይልሻል? ራስሽ ገልብጠሽ አይተሽው፣ "አባዬ፣ ይሄን የሰፋው ማነው?" አልሽኝ። አይጥ ናት አልኩሽ፤ ሁለታችንም ሳቅን። የኔ እጅ ሲይዘኝ ይንቀጠቀጣል እንጂ የሠራውን አይረሳም። አንቺ ግን እንደሰፋሽው አታውቂም ነበር፣ ልጄ።

ጨርቁን ይዤ ወደ ክሊኒኩ ተመለስኩ። ሐኪሟ ሳታይሽ ስም እንደማትሰጠው አጥብቃ ነግራኛለች። ግን የሚጥል በሽታ ሁሉ ሰው መሬት ላይ አይጥልም አለች። አንዳንዱ ሰውየውን በተቀመጠበት ለትንሽ ጊዜ ወስዶ ይመልሰዋል፤ ያ ከሆድ የሚነሳው ፍርሃትም ራሱ የሕመሙ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ነው ከጭንቀት ጋር የሚያመሳስሉት። ቢሆንም መድኃኒት አለው፤ ስንቱ ሰው መድኃኒቱን እየወሰደ ሥራውን ይሠራል፣ ልጁን ያሳድጋል። ዋናው በጊዜ መመርመር ነው ብላኛለች።

ሐይቁ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። የሥራ ጓደኛሽ መዋኘት ፍርሃት ያስለቅቃል ብላ እንደመከረችሽ ስትነግሪኝ፣ ልጄ ፍርሃቷን ድል አደረገች ብዬ ሰፈሩ እስኪሰለቸው አውርቼ ነበር። እኔ ውሃ ውስጥ ቢይዘኝ እጮሃለሁ፣ ያገኘሁትን አንቄ እይዛለሁ። አንቺ ግን አትጮሂም። ዝም ብለሽ ትሄጃለሽ። ብቻሽን ከሆንሽ ማን አይቶ ያወጣሻል? ትናንት ትንፋሼን የቆረጠው ይሄ ነው፤ የተለመደው አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ስንት ዓመት ሙሉ ራስሽን ፈሪ ስትዪ ሰምቼ ዝም አልኩ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ በአንድ ነገር እኔን መምሰልሽ ደስ ይለኝ ነበር። አንቺ ፈሪ አይደለሽም። በዚህ ቤት ፈሪ አንድ ነው፣ እሱም አሁን እየጻፈልሽ ነው።

ለምርመራው ያየ ሰው መኖሩ በጣም ይረዳል ተብያለሁ። አንቺ ልትመሰክሪ አትችዪም፤ በሰዓቱ የለሽም። ደጋግሞ ያየሽ እኔ ነኝ። ስለዚህ ቀጠሮ ያዢ፣ እመጣለሁ። አዎ፣ እኔው። ከእናትሽ ቀብር ወዲህ አውቶብስ ላይ ያልወጣሁት፣ ሁልጊዜ ሥራ በዛብኝ እያልኩ አንቺን የማስመጣሽ ሰውዬ። ሥራ ኖሮብኝ እንዳልነበር ታውቂ ነበር፤ አንድም ቀን አላሳፈርሽኝም። ትኬቱን ጫማ ሰሪው ቆርጦልኛል፣ ሰኞ እነሳለሁ። መቀሱን አደራ ብዬ ለእሱው ትቼለታለሁ፤ እንግዲህ መሐላ ከሚያበዛ በግልጽ ይቁረጥበት። መንገድ ላይ ይይዘኛል፤ ይያዘኝ። መጥቶ እንደሚሄድ አሁን አውቄያለሁ።

የትራስ ልብሱን ይዤልሽ እመጣለሁ። ስፌቱን ስታስተካክዪው ከአጠገብሽ እቀመጣለሁ፤ መርፌ ብትይዢም ባትይዢም እጠራሻለሁ፣ እናትሽ ይቅር ትበለኝ። ፈጣሪ ዓይኑን ከአንቺ ላይ አያንሳ፤ እኔም ከእንግዲህ አላነሳም። ቀና ብለሽ "አቤት አባዬ" እስክትይኝ ድረስ እጠራሻለሁ።

እስከዚያ ውሃው ይቆየን።

የሚወድሽ ፈሪው አባትሽ