የግራጫው ሹራብ ዜና ዕረፍት

ውድ እህቴ፣ እታለሜ፣

ለአሥራ አንድ ዓመት በብርድም በሙቀትም ከገላዬ ሳይለይ ሲያገለግለኝ የኖረው ግራጫው ሹራቤ፣ ባደረበት የክርን መሳሳት በመርፌና በክር ሲረዳ ቆይቶ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ማክሰኞ ዕለት ከዚህ ዓለም ድካም ተለይቷል። ሥርዓተ ቀብሩም ማሽን መወልወያ ጨርቅ በምናጠራቅምበት ባልዲ ውስጥ፣ የሥራ ባልደረቦቹ በተገኙበት ተፈጽሟል። ለመላው ቤተሰባችን መጽናናትን እመኛለሁ። ደንግጠሽ ከተቀመጥሽ ተነሺ፤ የሞተ ሰው የለም። እንዲያውም በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ሞቶ የተነሣ ሰው አለ፤ እሱም እኔ ነኝ።

ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ፣ ያ ደረጃ ባየ ቁጥር የሚያኮርፈው፣ ታረቀሽ? የዓይንሽን ጠብታ ሳትረሺ ታደርጊያለሽ? ባልሽስ እንዴት ነው፣ ሾፌርነቱን ትቶ ጡረታ ከወጣ ወዲህ አሁንም ሶፋ ላይ ተቀምጦ ፍሬን ይረግጣል? አክስታችንስ ጤና ናት? ጥርሷ ቢያልቅም ምላሷ እንዳለ ነው ብለሽኝ ነበር፤ እግዜር ያቆይልን። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ ብቻ ከወንበር ልነሳ ስል አስቀድሞ ሦስት ጊዜ ይመክራል፤ ከመከረ በኋላ ግን እንነሳለን።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሁለቴ አነበብኩት፤ አንዴ እንደ እህት፣ አንዴ እንደ ልብስ ሰፊ። እንደ እህት አዘንኩ፣ እንደ ልብስ ሰፊ ግን በገንኩ። ለልጅሽ ሠርግ ያንን ቡናማ ቀሚስ ለብሰሽ ጓዳ ሆነሽ ልታስተናግጂ? ፎቶው ላይ ወጣቶቹ ይቁሙ፣ ለእኔ ማን ዓይን አለው ብለሽ ጻፍሽልኝ? ያንን ቡናማ ቀሚስ አውቀዋለሁ። ጠርዙን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ለቅሶ ደርሷል፣ ሐኪም ቤት ተሰልፏል፣ የወላጆች ስብሰባ ተቀምጧል። ቀሚስ ጡረታ ቢኖረው ከባልሽ ቀድሞ በወጣ ነበር።

አንድ የማታውቂውን ልንገርሽ። እሑድ ዕለት ሙሽሪት ስልክ ደወለችልኝ። እማዬ አጠገቤ ካልቆመች ፎቶም አልነሳ፣ ቬሎም አልለብስ ብላ ተንሰቅስቃ አለቀሰችብኝ። «አንቺ ንገሪያት፣ አንቺን ትሰማለች» አለችኝ። አንቺ እኔን ትሰሚያለሽ ብላ ማመኗ፣ ለትዳር ብትደርስም ገና ልጅ መሆኗን ያሳያል። እንግዲህ ቃሌን መፈጸም አለብኝና እየነገርኩሽ ነው። ራሴ ቀርቤ እጅሽን ይዤ ባወጣሽ እንዴት ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ፈቃድ ተከልክያለሁ፤ ለሠርጉ አልመጣም። ስድስት ማመልከቻ ጽፌ ስድስቱም ውድቅ ሆነዋል። ስለዚህ ከሩቅ ሆኜ በብዕር እቆነጥጥሻለሁ።

ከላይ ሆና ልትመክረኝ ነው እንዳትዪ። እኔ ከአንቺ ብሼ ነበር። የምሠራበትን ታውቂዋለሽ፤ ትልቅ የልብስ መደብር ነው፣ እኛ ያለነው ምድር ቤቱ ውስጥ። ሱሪ እናሳጥራለን፣ ወገብ እናሰፋለን፣ ዚፕ እንቀይራለን። ሁለት ነን፤ እኔ በማሽኑ፣ በልብስ ተኩሱ ደግሞ ከመናገሯ በፊት «ትስስስ» ስለምትል እንፋሎት ብለን የምንጠራት ጓደኛዬ። ያ ማክሰኞ እንፋሎት ዕቃ ልታመጣ ወጥታለች፣ እኔ የአንድ ሰውዬ ሱሪ እግር ከመርፌው ሥር አስገብቼ አጎንብሻለሁ። ኃላፊያችን ሁለት እንግዶች አስከትሎ ገባ። ግራ ቀኙን በእጁ አሳየና፣ ይህ ክፍል ለጊዜው ባዶ ነው፣ ወደፊት የዕቃ ማስቀመጫ እናደርገዋለን አላቸው። ከዚያ መብራቱን አጠፋ። ከዚያ በሩን ዘጋ።

እታለሜ፣ በመካከላችን ሁለት ክንድ አይሞላም ነበር! ግድግዳው ግራጫ፣ ሹራቤ ግራጫ፣ ፀጉሬ ግራጫ፤ አንድ ላይ ተቀብተን የተረሳን ነበር የምንመስለው። ጨለማው ውስጥ ሆኜ «ኧረ ሰው አለ!» ብዬ ጮህኩ። በሩን መልሶ ከፈተና፣ «ውይ እማማ፣ ይቅርታ፣ አላየሁዎትም እኮ፤ የተከመረ ጨርቅ መስለውኝ» አለኝ። አንደኛው እንግዳ ሊያስታርቀን ፈልጎ፣ ምንኛ ጸጥተኛ ሠራተኛ ናቸው አለ። ጸጥተኛ! አክስታችን ይህን ብትሰማ ከሳቋ የተነሣ ሐኪም ያስፈልጋት ነበር።

ሲወጡ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሰው ሲቀርበው በራሱ የሚከፈተው የመደብሩ በር ለእኔ አልከፍት ብሎ ስንት ጊዜ ከመስታወቱ ጋር ተሳስሜያለሁ። የአውቶቡሱ ሾፌር እጄን ዘርግቼ እየጮህኩ አልፎኝ ይሄዳል። ጥበቃው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በየጠዋቱ፣ «የማን እንግዳ ነዎት?» ይለኛል። እስከዚያ ቀን ድረስ ጥፋቱ የእነሱ ዓይን ይመስለኝ ነበር። ለካ እኔም አግዣቸዋለሁ። እንዳልታይ ብዬ ለብሼ፣ ለምን አላዩኝም ብዬ አኮርፋለሁ። ሹራቡን አወለቅኩት። የቀረውን ከዜና ዕረፍቱ አንብበሻል።

መደርደሪያው ላይ አንድ ጥቅል ጨርቅ ነበረን። አንዲት ደንበኛ ለመጋረጃ አዝዛው፣ ሰቅላ አንድ ቀን ከዋለች በኋላ፣ ይሄ ነገር እረፍት ነሳኝ ብላ የመለሰችው ነው። ብርቱካን ቀለም ሆኖ፣ የድስት ክዳን የሚያካክሉ ሐምራዊ አበቦች አሉበት። ሁለት ዓመት ሲቀመጥ የሚገዛው ጠፍቶ፣ ኃላፊው ከፈለጋችሁ ውሰዱት ብሎን ነበር። አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ስዘረጋው እንፋሎት «ትስስስ» አለችና፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ እኮ መጋረጃ ነው!» አለችኝ። እኔም፣ መስኮትን ሰው የሚያየው መጋረጃው ሲያምር አይደል ወይ አልኳት። ካፖርት ቆረጥኩበት። ኮሌታው ሰፊ፣ ኪሱ ጥልቅ፣ ቁልፎቹ የቡና ስኒ ማስቀመጫ የሚያህሉ። ቁልፉን ያተለቅኩት ለውበት ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ትንሹን ቁልፍ ጣቶቼ ካኮረፉት ቆይተዋል።

ጀግና ነበርኩ ብዬ አልዋሽሽም። መጀመሪያ የለበስኩት ቀን ከቤቴ በር ሁለቴ ተመልሻለሁ። አንዴ ጋዙን ዘግቼው ይሆን ብዬ፣ አንዴ ደግሞ ጋዙን እንደዘጋሁት እያወቅኩ። በሦስተኛው ልብስ ሰፍታ ያሳደገችንን እናታችንን አሰብኩና ወጣሁ። አውቶቡሱ ፌርማታ ሳይደርስ ቆመልኝ። ሾፌሩ የመንገድ ሥራ ምልክት መስዬው ይሁን አክብሮኝ አልጠየቅኩትም። የመደብሩ በር አራት እርምጃ ሲቀረኝ ብርግድ አለ። ጥበቃው ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ኮፍያውን አስተካክሎ፣ «እንኳን ደህና መጡ እመቤቴ፣ ማንን ልጥራልዎት?» አለኝ። አሁንም አላወቀኝም፤ ግን ቢያንስ ማዕረጌ አድጓል።

የሚያሙኝ አልጠፉም። አውቶቡሱ ውስጥ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ተቀምጠው፣ አንደኛዋ «በስተርጅና እንዲህ ያለ ጉድ!» ስትል ሰማኋት። እንደ አክስታችን የምትናገር ሰው ሳገኝ በናፍቆት ልቤ ጠፋ። ስወርድ ግን ሁለተኛዋ እጅጌዬን ያዝ አደረገችና በሹክሹክታ የት አሰፍተውት ነው አለችኝ። በማግስቱ ምድር ቤታችን ድረስ መጣች። በሦስተኛው ቀን ሐሜተኛዋም መጣች!

ከሁሉ የማልረሳት ግን አንዲት ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ቀይ ሐር ጨርቅ በወረቀት ጠቅልላ ይዛ መጣች። ሃያ ሁለት ዓመት ለአንድ ቀን ብላ ያስቀመጠችው ነው። ቀኑ መቼ ነው፣ ለመቼ ላድርስልዎ ብዬ ጠየቅኳት። ጨርቁን ዳሰሰችው፣ እጥፋቱ ላይ ቀለሙ መልቀቅ ጀምሯል። ቆይታ፣ «ለነገ ይድረስልኝ» አለችኝ። ምሳ ሳልበላ ሰፋሁላት። ለብሳ መስታወት ፊት ስትቆም እንፋሎት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታፏጭ ቀረች።

ስለዚህ ካየሁት ተነሥቼ አዋጅ ላስነግር። ቀለም ፊትን ያበራልና ወደ አንገት ይጠጋ። ሆድ ለመደበቅ ጆንያ የለበሰች ሴት ሆዷን አልደበቀችም፣ ጆንያ ጨመረችበት እንጂ። ጫማ ከሐሜት ሮጦ የሚያመልጥ ዝቅ ያለ ይሁን። ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም የምትል ሴት ካለችም ዕድሜዋን ጠርተን እንጠይቀው፤ እኔ የኔን ጠይቄው፣ ማንም አማክሮኝ አያውቅም ብሎኛል።

አሁን ወደ አንቺ። ከጨርቁ ተርፎ ነበርና ለሠርጉ ቀሚስ ሰፋሁልሽ። እናታችን ሜትር እንደማታምን ታስታውሻለሽ፤ ሜትር የሁሉም ነው፣ ገመድ ግን የሰውየው ነው ትል ነበር። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት እያለች በየቦታው ቋጠሮ የቋጠረችባቸው ሁለቱ ገመዶቻችን እኔ ጋ፣ የቁልፍ ማስቀመጫው ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው። ያንቺ ጫፉ ቀይ ክር፣ የኔ ነጭ። ቀዩን አወጣሁ፣ ለልጅና ለዓመታት አራት ጣት ጨመርኩ፣ ቆረጥኩ፣ ሰፋሁ። የልብስ ሰፊ ኩራት ይዞኝ የገዛ ሥራዬን ሳደንቅ ዋልኩ።

እዚህ ላይ ብዕሬን አኑሬ ነበር፤ ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ልቀጥል። ትናንት ቀሚሱን በፖስታ ልልክልሽ ሳጣጥፍ እንፋሎት፣ «ሳትልኪው አንዴ ለብሰሽ አሳዪኝ» አለችኝ። ለእኔ እንኳ አይሆንም፣ እህቴ ከእኔ በአንድ ስንዝር ታጥራለች፣ ትከሻዋም ጠባብ ነው እያልኩ አጠለቅኩት። ልክክ አለ! እንደ ቆዳዬ። እንፋሎት አጨበጨበች፤ እኔ ግን በቀጥታ ወደ ቁልፍ ማስቀመጫው ሄድኩ። ቆርቆሮውን ከፍቼ ገመዶቹን ብርሃን ላይ አየኋቸው። የዛሬ ሦስት ዓመት ምድር ቤቱን ውሃ ሲያጥለቀልቀው ቆርቆሮውም ርሶ ነበር፤ ያንቺ ቀይ ክር ቀለሙን ለቆ የኔን ነጭ አቅልቶታል። ሁለታችንም ቀይ ሆነናል። የአርባ ዓመት ሰፊ ነኝ ባይዋ የገዛ ራሷን ለክታ ለእህቷ ሰፍታለች!

በዚያ ቀሚስ ሙሽሪት አጠገብ ብትቆሚ፣ እንግዳው ልጅቷ ከመጋረጃ ኋላ ብቅ ያለች ነው የሚመስለው። እንፋሎት ላኪላትና እዚያ ያስጠብቡላት አለችኝ። ማን? ሰፈራችሁ ያለው ያ ሰፊ? የባልሽን ሱሪ አንዱን እግር ለቆላ፣ አንዱን ለደጋ አድርጎ የሰፋው? የእህቴን ትከሻ ለእሱ አልሰጥም። የትከሻ ስፌት የሚስተካከለው ባለቤቷ ለብሳው ቆማ፣ ሰፊዋ አፏ ውስጥ መርፌ ይዛ ስትዞራት ነው። ስለዚህ ቀሚሱን ፖስታ ቤት አልወሰድኩትም። ዛሬ ጠዋት ካፖርቴን ለበስኩና፣ በግራጫው ሹራብ ስድስት ጊዜ የወጣሁትን የኃላፊውን ደረጃ ለሰባተኛ ጊዜ ወጣሁ።

በይ እንግዲህ፣ ለሁሉም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ባልሽን፣ ፍሬኑን ለቀቅ ያድርገውና ሱሪውን እንዳይጥለው በይልኝ። ለአክስታችን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ በስተርጅና ብላ ሳትጀምር ለእሷም ከቁራጩ አናት ላይ የሚታሠር ሻሽ እንዳወጣሁላት ንገሪያት፤ አልፈልግም ብላ ከማንም በፊት እንደምታሥረው አውቃለሁ። ሙሽሪትን ዓይኗን ሳሚልኝ፤ እናትሽ ትቆማለች፣ አታልቅሺ በያት። የሙሽሪትን እጮኛ ገና አላየሁትም፤ ዓይኑ ደህና ከሆነ እንግባባለን። ቡናማውን ቀሚስ ደግሞ በክብር አሰናብቺው፤ ባልዲ ከሌለሽ እኔ አለኝ።

የምትወድሽ ታላቅ እህትሽ
ከምድር ቤቱ ስፌት ክፍል፣ መብራቱ እንደበራ
ሐሙስ፣ ግንቦት 14 ቀን

እርማት፦ በዚህ ደብዳቤ አራተኛ አንቀጽ ላይ «ፈቃድ ተከልክያለሁ፤ ለሠርጉ አልመጣም» ተብሎ የተገለጸው ስሕተት መሆኑ ተረጋግጧል። ማመልከቻዎቹ አልተከለከሉም፤ አልታዩም እንጂ። ኃላፊው ዛሬ ጠዋት ገና ስገባ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ስሜን ጠይቆ፣ ስድስቱንም ሳይነበቡ ከከረሙበት ከአበባ ማስቀመጫው ሥር አውጥቶ በአንድ ጊዜ ፈርሞባቸዋል። ስለሆነም «አልመጣም» የሚለው፣ «ሠርጉ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ቀሚስሽን፣ መርፌዬንና ሁለቱንም ገመዶች ይዤ እደርሳለሁ» ተብሎ ይነበብ። ልትቀበዪኝ ስትመጪ ስሜን ካርቶን ላይ መጻፍ አያስፈልግም። ከሩቅ ታዪኛለሽ።