ከበርገን ዓሣ ገበያ፣ ስለ አልቫር

ሲስተር ቶሩን፣ በዚህ ፖስት ካርድ ላይ የምታዪው ወደብ ያምራል፤ ወሬዬ ግን አያምርም። የልብ ሕክምና ጥናቴን እዚህ ጉባኤ ላይ አቀረብኩ፣ ተጨበጨበልኝ፤ የስም መለያዬን ከደረቴ ሳላወልቅ ዓሣ ገበያ ወጣሁ። ሽሪምፕ የሚመዝን አንድ ዓሣ ሻጭ የሆስፒታላችንን ስም አነበበና፣ "ወንድሜ አልቫር እናንተ ጋ ነው የታከመው። 'ልቤ ድኗል' ብሎ ከስዊድን እኔ ጋ መጣ፣ በአሥራ አንደኛው ቀን ቀበርነው። ዶክተር፣ እንዴት ሆነ ብሎ አንድ ሰው እንኳ አይደውልም?" አለኝ።

አስታወስሽው? ያ የገማ የዓሣ ቆርቆሮ አልጋው ላይ ከፍቶ ያስረገመሽ የአውቶቡስ ሾፌር! ድንበር ተሻግሮ የሞተ ሰው እኛ መዝገብ ላይ አይሞትም። በእኔ ሰንጠረዥ አልቫር "ሦስት ዓመት ሆስፒታል ያልተመለሰ፣ ጤነኛ" ነው። የተጨበጨበልኝ በእሱ ነው። እዚህ ዓሣ ሻጭ የሚያውቀውን፣ እዚያ ሆስፒታላችን ያ ሁሉ ኮምፒውተር አላወቀውም።

አንቺ ታክመው ለወጡት ሰዎች ማክሰኞ ማክሰኞ "እንዴት ሰነበቱ?" እያልሽ ስትደውዪላቸው፣ "ተይው፣ ቁጥሩ ይነግረናል" ብዬ ያስቆምኩሽ እኔ ነኝ።

ቦታ አለቀብኝ። ለባልሽና ለክፍሉ ሰው ሁሉ ሰላም በይልኝ። "ጤነኛ" ያልኳቸው የአራት መቶ ሰዎች ዝርዝር መሳቢያዬ ውስጥ አለ። እስክመጣ አትጠብቂ፤ ከአልቫር ቀጥሎ ካለው ጀምረሽ ደውዪ።

ሂሌቪ