የእድሩ ጎላዎችና ሁለቱ ቅንፎች

ለውድ ወንድሜ ለፋሂም ሸኩር፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ዓይኔን ወደ መሬት ሰብሬ፣ አንድ ከባድ ወንጀሌን ላስታውቅህ። ባለፈው ረመዳን ለሐጂ ቲጃኒ ይሰጥ ብለህ የላክኸው የቴምር ካርቶን ሐጂ ቤት አልደረሰም። የበላሁት እኔ ነኝ። እንደ ሌባ ተስገብግቤ እንዳይመስልህ፤ አራት ቀን ሙሉ፣ በሥነ ሥርዓት፣ ቢስሚላህ እያልኩ ነው የጨረስኩት። ሐጂም መስጊድ በር ላይ አባባን አግኝተው «የልጅህ ቴምር እንዴት ይጣፍጥ ነበር!» ብለው አመስግነዋል። ከሁለታችን ማን አብልጦ እንደዋሸ እንግዲህ አላህ ይፍረድ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ ፋሂሜ። አካም ጅርታ? ፈያ ነህ? ወገብህ እንዴት ሆነ? የሪያድ ሙቀት ጋብ አለልህ? አብሮህ የሚያድረው ሰውዬ ማንኮራፋቱን ቀነሰ ወይስ አንተ ለመድከው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷ፣ አባባን ምላሳቸው ከማስቸገሩ በቀር ቤቱ ሰላም ነው። ክረምቱ ወጥቷል፤ በአጋሮ መንገድ ቡና መልቀም ተጀምሯል። ሰፈራችን ጊንጆ ግን ጭቃዋን ገና አልለቀቀችም፤ ባጃጅ ነጂዎቹ አሁንም እኛ በር ላይ ሲደርሱ ዱዓ ያደርጋሉ።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው ትል ይሆናል። በድምፅ የምንላላከው ሁሉ እራት ላይ ለቤተሰቡ እንደሚከፈት ታውቃለህ፤ እማዬ ሁለት ጊዜ ታስደግመዋለች። ይህ ግን የአንተና የእኔ ብቻ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ኢሕሳን ማክሰኞ ወደዚያው ስለሚሳፈር ጫማው ውስጥ ደብቆ ያመጣልሃል። ወረቀቱ ከሸተተህ ይቅር በለኝ።

ነገሩ የሰፈራችን እድር ነው። ኮሚቴውን መቼም አልረሳኸውም። ሊቀመንበሩ አቶ ከተማ፣ ምክትሉ ሐጂ ቲጃኒ፣ ጸሐፊው ጋሽ ልዑልቃል። የሦስቱ ዕድሜ ሲደመር ከሁለት መቶ ይበልጣል፤ ኮምፒውተር የነካ ጣታቸው ሲደመር ግን ዜሮ ነው። መጋቢት ላይ የመጋዘኑ ጣሪያ አፍስሶ የዕቃ መመዝገቢያ ደብተራቸው ሾርባ ሆነ። ድንኳን ማን ወሰደ፣ ወጥ መሥሪያው ጎላ የትኛው ቤት አለ፣ ሁሉም ጠፋ። ያኔ «የሸኩር ልጅ ኮምፒውተር ትችላለች አሉ» ተብሎ ተጠራሁ። የላክህልኝን ላፕቶፕ ይዤ ሄድኩ። አቶ ከተማ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ቢኖር ከሚስታቸው ቴሌቪዥን ላይ ዳንቴል አንስተው ላፕቶፑን መሸፈን ነው፤ አቧራ እንዳይገባው። ሁለተኛው ደግሞ ማኅተሙ የት ላይ እንደሚመታ መጠየቅ። ሠላሳ ዓመት ማኅተም ሲመቱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው አይደሉ? ስክሪኑ ላይ ከመምታት ያዳንኳቸው በግድ ነው።

አንተ «አሶሲዬቲቭ አሬይ» ብለህ ስታስተምረኝ ምላሴ ታጥፎ ነበር፤ እኔ ባለስም መሳቢያ ብዬዋለሁ። መሳቢያው ላይ ስም ትለጥፋለህ፣ ውስጡ ነገር ታስቀምጣለህ፣ በስሙ ስትጠራው ያስቀመጥኸውን ይሰጥሃል። በአንድ ስም አንድ መሳቢያ ብቻ ነው ያለው፤ በዚያው ስም ሌላ ነገር ካስገባህ የፊተኛውን ይውጠዋል። ፕሮግራሙ የሚጻፍበት ፒኤችፒ ደግሞ እንደ እኛ ሰፈር ሽማግሌዎች አይደለም፣ ሲውጥ አይጮህም። ለኮሚቴው ይህንኑ በሻይ ብርጭቆ እያሳየሁ አስረዳሁ። በየዕቃው ላይ ቁጥር እንቀባ፣ መሳቢያው በዕቃው ቁጥር ይጠራ፣ ውስጡ ዕቃው ያለበት ቤት ይጻፍ አልኩ። አንድ ጎላ ሁለት ቤት ሊያድር አይችልም፤ አንድ ቤት ግን አሥር ዕቃ ሊወስድ ይችላል።

አቶ ከተማ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ጉሮሮ ሲጠረግ ጥበብ እየመጣ ነው ማለት ነው። «ልጄ፣ ቁጥሩን ቀቢው፣ ደግ ነው። ግን ዕቃ ከሰው አይቀድምም። እድር የሰው ነው። መጀመሪያ ሰው ይጻፍ፣ ዕቃው ይከተለው» አሉ። ሐጂ ቲጃኒ «ሐቅ ነው! ሰው እያለ በድስት ስም ልንጠራ ነው እንዴ?» ብለው ደገፉ። ጋሽ ልዑልቃል «በሰው ይሁን» ብለው ቃለ ጉባኤ ላይ አሰፈሩት። እኔም፣ አንድ ሰው ሁለተኛ ዕቃ ሲወስድ የመጀመሪያው ይጠፋል ብዬ ተከራከርኩ። አቶ ከተማ ሳቁ። «ኮምፒውተር የሚረሳ ከሆነማ የእኔ ጭንቅላት ይበቃን ነበር! አይ የዛሬ ልጅ፣ በይ አሁን ሻይ ጨምሪልን» አሉ። ሦስቱም ሳቁ። ሻዩን ጨመርኩ። ፕሮግራሙንም ልክ እንዳሉኝ፣ በሰው ስም፣ ሠራሁላቸው።

የመጋዘኑን ቁልፍ የሚይዙት እማማ ዘሀራ ናቸው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንኪያ ያልጎደለባቸው፣ ፊደል ያልቆጠሩ፣ ግን የእያንዳንዱን ትሪ ጠርዝ በዳበሳ የሚያውቁ። ዕቃ ሲወጣ እሳቸው ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ሲመለስ እንዲሁ፣ እኔ እሰርዛለሁ። በማንም ስም የሌለ ዕቃ መጋዘን ውስጥ አለ ተብሎ ይታተማል።

ግንቦት ላይ አቶ ከተማ ልጃቸውን ዳሩ። አማቾቹ ከአጋሮ በሁለት አውቶቡስ መጡ። ሐሙስ ሦስት ጎላ ወሰዱ፤ «ከተማ» የሚለው መሳቢያ ውስጥ ጎላ ገባ። ዓርብ ድንኳን ወሰዱ፤ ድንኳኑ ጎላውን ዋጠው። ቅዳሜ አግዳሚ ወንበር ወሰዱ፤ ወንበሩ ድንኳኑን ዋጠው። ከሰርጉ በኋላ ድንኳኑና ወንበሩ ተመለሱ፣ የአቶ ከተማን ስም ሰረዝኩ። ሦስቱ ጎላ ከዚያ ወዲያ በማንም ስም የለም። እማማ ዘሀራ ሦስት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄደው ጠይቀዋቸዋል። «እልከዋለሁ፣ ዘሀራ፣ እልከዋለሁ» ነው መልሱ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት የጋሽ ልዑልቃል እናት አረፉ። ለቀስተኛው ከሊሙ ገነት ሳይቀር መጥቶ ግቢው ሞልቷል፤ መጋዘኑ ሲከፈት ካሉት አምስት ጎላዎች ሁለት ብቻ ተገኙ። የሰው አገር ሰው ተርቦ ዋለ። ማታውኑ ዝርዝሩ ታትሞ መጣ፤ አምስት ጎላ፣ መጋዘን ውስጥ ይላል። እማማ ዘሀራ «ሦስቱ ከተማ ቤት ናቸው፣ በእጄ ነው ያወጣኋቸው» አሉ። አቶ ከተማ መነጽራቸውን አጥልቀው ስማቸውን ከላይ እስከ ታች ፈለጉት፤ የለም። ከዚያ ወረቀቱን በጣታቸው እየመቱ «ኮምፒውተር አይዋሽም፣ የሚረሳው ሰው ነው» አሉ። ሽማግሌ ማለት፣ ፋሂሜ፣ ትናንት ያሾፈብህን ነገር ዛሬ መልሶ የሚያስተምርህ ሰው ነው። ሐጂ ቲጃኒ ደግሞ በደግነታቸው «እርጅና ነው፣ አይፈረድባትም» አሉ። ከዚህ ደግነት ስድብ ይሻላል። ጋሽ ልዑልቃል በሐዘናቸው ላይ ሆነው እንኳ ቃለ ጉባኤውን አልተዉም።

የተወሰነው እንዲህ ነው። ዛሬ እሑድ አሥር ሰዓት ላይ፣ ዘጠና አባወራ በተሰበሰበበት፣ ሦስት ጎላ አጎደሉ ተብሎ የእማማ ዘሀራ ስም ይነበባል፣ ቁልፉንም ያስረክባሉ። እሳቸው «እሺ» ብቻ ነው ያሉት። ከዚያ ቀን ወዲህ እኛ ቤት አልመጡም። ሴቶቹ ሰላምታቸውን በግማሽ አፍ ነው የሚመልሱላቸው። አንዷማ ጎላዎቹ ሄርማታ ገበያ ሲሸጡ በዓይኔ አየሁ ብላለች፤ ዓይኗ ይጥፋ አልልም፣ እማዬ እንደዚያ አትበይ ስላለችኝ።

ትናንት የአቶ ከተማን ልጅ፣ የሙሽራዋን ታላቅ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ልበላት ብዬ፣ ማለትም ወልዳ አባቷ ቤት እየታረሰች ነው፣ ቤታቸው ገባሁ። እግረ መንገዴን ከጓሮ ዞርኩ። አንደኛው ጎላ ጣሪያው ጠርዝ ሥር የዝናብ ውሃ ይዟል። ሁለተኛው አፈር ተሞልቶ ጤና አዳም ተተክሎበታል። ሦስተኛው ውስጥ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ተኝታለች፤ ጠርዙ ላይ የቀባሁት ቀይ ቁጥር ከክንፏ ሥር ይታያል። ሊቀመንበራችን በየቀኑ ጠዋት እነዚህን ጎላዎች እያዩ ነው ፊታቸውን የሚታጠቡት። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ዶሮዋም በንቀት አየችኝ። ከዚያ ሳቁ ጠፋብኝ።

ምክንያቱን ላንተ ነው የምጽፈው። በሰው ስም ቢሆንም መላ ነበረው። ከስሙ ቀጥሎ ባዶ ቅንፍ፣ መክፈቻና መዝጊያ፣ ሁለት ምልክት ብቻ ብጨምር ኖሮ አዲሱ ዕቃ የፊተኛውን ሳይውጥ ከጎኑ ይሰለፍ ነበር። ራስህ ነህ ያሳየኸኝ። አልረሳሁትም። ያን ቀን ሻይ ጨምሪ ሲሉኝ ነው ሁለቱን ቅንፎች ላለመጻፍ የወሰንኩት። ይዋረዱ፣ አንድ ቀን ዕቃ ጠፍቷቸው በሬን ያንኳኩ፣ ያኔ እስቃለሁ አልኩ። ሽማግሌዎቹን ልጥል የቆፈርኩት ጉድጓድ ውስጥ የገቡት እማማ ዘሀራ ሆኑ።

የባሰውን ልንገርህ። በዚያ የሰርግ ሳምንት እማማ ዘሀራ ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። በእያንዳንዱ ዕቃ «ረይሃና፣ የፊተኛውም አለ አይደል?» ይሉኝ ነበር። እኔም ስክሪኑን እያየሁ፣ ጎላው ሲጠፋ እያየሁ፣ «አለ እማማ» ብያለሁ። ሦስት ሽማግሌዎች ያላመኑኝን፣ አንድ ፊደል የማያውቁ ሴት አምነውኛል።

ይህን የምጽፍልህ መጋዘኑ ውስጥ፣ ከቀሩት ሁለት ጎላዎች አንዱን ገልብጬ ተቀምጬበት ነው። ውጭ አግዳሚ ወንበር እየተደረደረ ነው። ፕሮግራሙን ገልብጬ በዕቃው ቁጥር ሠርቼዋለሁ፤ ሦስቱ ጎላ ከተማ ቤት ይላል፣ ታትሞ ጉልበቴ ላይ አለ። ይህን ሰጥቼ «ፕሮግራሙ ትንሽ ተበላሽቶ ነበር፣ ተስተካክሏል» ብል ማንም ሁለተኛ ቃል አይጠይቀኝም። ኮምፒውተር ተሳሳተ ይባላል፣ አቶ ከተማ ማኅተም ይመቱበታል፣ ሁሉም ቤቱ ይገባል። እውነቱን ከተናገርኩ ግን አባባ ምለዋል፤ በእድሩ ፊት ካዋረድኳቸው ላፕቶፑ ይሸጣል። ለእማማ ዘሀራስ ምን ብዬ ነው የምነግራቸው? አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ እስካሁን አልቆረጥኩም። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? አውቃለሁ፣ መልስህ የሚደርሰኝ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

እማዬ ግንባርህን ትስማለች፤ እንዳትከሳ፣ ፎቶ ስትልክ ደግሞ ወገብህን ቀጥ አድርገህ እንድትነሣ ብላለች። አባባ ሰላም ብለውሃል፤ ሌላው ስድብ ስለሆነ አልጻፍኩትም። ትንሿ ዩምና የፊት ሁለት ጥርሷ ወልቆ «ፋሂም» ማለት አቅቷታል፣ ግን ታስታውስሃለች። አኒስ እግሩ አርባ ሁለት ቁጥር ገብቷል፤ ለምን እንደነገርኩህ ይገባሃል። አክስታችን አሚራ ደግሞ

ቆይ። በሩ ተከፈተ።

«ረይሃና!»

እማማ ዘሀራ ናቸው፤ ቁልፉን በእጃቸው ይዘው ደፍ ላይ ቆመዋል። ጉልበቴ ላይ ያለውን ወረቀት አይተዋል፣ ዓይኔንም አይተዋል። አቶ ከተማ ቢጠሩኝ እንዳልሰማ እሆን ነበር። «አቤት፣ እማማ» ብያለሁ። የቀረውን በአፌ ለእሳቸው እነግራቸዋለሁ፤ ካንተ በፊት መስማት የነበረባቸው እሳቸው ናቸው።

እህትህ ረይሃና
ጅማ፣ ጊንጆ
ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.